ትንፋሿን ሳብ ስታደርግ

ልጄ አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ስትወለድ አንጎሏ ላይ በደረሰ ጉዳት እጇም፣ እግሯም፣ ምላሷም አይታዘዙላትም። ዓይንና ጆሮዋን ግን የሚያመልጣቸው የለም። እኔና እናቷ ስንጣላ ማን እንደጀመረው በትክክል የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

አምና ትምህርት ቤቷ ለመናገር የሚረዳት መሣሪያ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግምገማ ጀመረላት። የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ዓይኗን ተከትሎ ያየችውን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገር ታብሌት ነው። ሌላው በጭንቅላቷ ስትጫናቸው «ጨምሩልኝ» እና «በቃኝ» የሚሉ ሁለት ትልልቅ ቁልፎች። እኛ የፈለግነው ታብሌቱን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሚድል ስኩል ትገባለች፤ ሁለት ቃል ይዛ ከማን ጋር ልታወራ ነው?

እናቷ ከከተማ ወጣ ብሎ ኮንየርስ የሚባል ቦታ መጋዘን ውስጥ ስለምትሠራ ቀን ቀን አትገኝም። ስለዚህ ቅጽ መሙላቱም ስብሰባ መቀመጡም ዳውንታውን ፓርኪንግ በምሠራው በእኔ ላይ ወደቀ። በየቅጹ «ልጅዎ ፍላጎቷን የምትገልጸው እንዴት ነው?» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን በዝርዝር እጽፍ ነበር። ኋላ ታከተኝና «እኛ እናውቃለን» እያልኩ ማለፍ ጀመርኩ።

ሪፖርቱ በኢሜይል ሲደርሰን ሚስቴ ደወለች። «ሳታነበው ሳይን እንዳታደርግ፤ ሚቲንጉንም ሚስ እንዳታደርግ» አለችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ፓርኪንጉ በር ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ተማሪዋ አዎንና አይደለምን የምትለይበት ቋሚ ምልክት አልታየባትም፣ ስለዚህ ሁለቱ ቁልፎች ይበቋታል ይላል። ቆሽቴ አረረ። ቀኑን ሙሉ ስታዝዘኝ የምትውል ልጅ እንዴት አዎ ማለት አታውቅም ይባላል? ዝቅ ብሎ ደግሞ ጥያቄ ስትጠየቅ ትንፋሿ ድንገት እንደሚቆራረጥና ሐኪም ቢያያት ጥሩ እንደሆነ ተጽፏል። ሌላ በሽታ መጣብን ብዬ ደነገጥኩ።

የስብሰባው ቀን ከሥራ ወጥቼ ምሳም ሳልበላ ዲኬተር ወዳለው ትምህርት ቤቷ ነዳሁ። ክፍሉ ውስጥ ግምገማውን የሠራችው ባለሙያ፣ የልጄ አስተማሪና ልጄ በዊልቸሯ ይጠብቁኛል። ልጣላ ነበር የሄድኩት። ግን ሲደክመኝ እንግሊዝኛዬ ይሸሸኛል፤ ባለሙያዋ ደግሞ ወጣትና ትሁት ስለሆነች ለጠብ አትመችም። ሪፖርቱን በዝግታ አነበበችልኝና እስካሁን ያለው ገብቶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ገብቶኛል ለማለት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ።

ከወረቀቷ ቀና አለች። «ደህና ነዎት? ውሃ ላምጣልዎት?»

ደህና ነኝ አልኳት። እንቀጥል ወይ ስትለኝ አሁንም ሳብ አደረግሁ። አስተማሪዋ ከወንበሯ ተነሳች። ዞር ብዬ ልጄን ሳያት ትስቃለች።

ያኔ ክው አልኩ። እኛ አገር ብዙ ሰው አዎ ሲል ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ እኔና እናቷማ ቤት ውስጥ ሌላ አዎ የለንም ማለት ይቻላል። ልጃችን ምላሷ እንቢ ቢላትም ትንፋሿ ይታዘዝላታል፣ ከእኛ ሰምታ ይዛዋለች። እኛ ደግሞ እንደ ንግግር ቆጥረነው ስለማናውቅ አንድ ቅጽ ላይ እንኳ አልጻፍነውም።

«እሱ አዎ ነው» አልኩ። «በሽታ አይደለም። ይህን ሁሉ ጊዜ አዎ እያለቻችሁ ነው።»

የባለሙያዋ ፊት ቀላ። መቅላቱ ትንሽ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ወዲያው ሪፖርቱን ገፋ አድርጋ ልጄ ፊት በርከክ አለችና ጥያቄዎቹን እንደ አዲስ ጀመረቻቸው። ዛሬ አርብ ነው? ሳብ። ውጭ በረዶ ይጥላል? ዝም። አንዱንም አልሳተችም። ባለሙያዋ እየጻፈች ታብሌቱን በሚቀጥለው ሳምንት ይዛላት እንደምትመጣ ነገረችን። እኔ ግን አላርፍ አልኩ። ይህን ማለቷ ነው፣ አሁን ደክሟት ነው እያልኩ በየመሃሉ እገባለሁ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የኖርኩበት ሥራ ነው፤ በአንድ ከሰዓት የሚተው አይደለም።

ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ልጄን ጠየቀቻት።

«አባትሽ ውጭ ቢጠብቅ ይሻልሻል?»

ልጄ አየችኝ። ከዚያ ማንም እንዳይሳሳተው አድርጋ፣ ረጅም፣ ትንፋሿን ሳበች።

ሁለቱም ሴቶች ወደ እኔ ዞሩ። ከፋኝ።

«አዎ ነው ያለችው» አልኳቸው። ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁና በሩን ዘጋሁላት።