የእግር እጣቢ በአራተኛው ፎቅ

ላሊበላ ውስጥ ላለ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል የእሳት ማጥፊያ የውሃ መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ግቢው ጥግ ታንከር አስቀመጥኩ፤ ፓምፕ ገጠምኩ፤ በየፎቁ ቀይ ሳጥን ውስጥ ጎማ ጠቀለልኩ። የመኝታ ክፍሎቹን ቧንቧ ከታንከሩ ወገብ፣ የእሳቱን ደግሞ ከሥሩ ነበር ያወጣሁት። ውሃው ሲጎድል ክፍሎቹ ይደርቃሉ፤ የታችኛው ግማሽ ግን ለእሳት ይቀራል። በዚህ ብልጠቴ ራሴን ሳደንቅ ከርሜአለሁ።

የሆቴሉ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። እንግዳ በጠፋበት ዘመን ያላቸውን ሁሉ ሸጠው ያተረፉት ያንን ሕንፃ ብቻ ነው።

የገና ዋዜማ ከሰዓት ፓምፑን ልፈትሽ ብቅ ስል ግቢው በተሳላሚ ተሞልቷል። ከጋሸና ወዲህ በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ የኛ አገር ሰው ደግሞ የተሳላሚን እግር ሳያጥብ አያሳድርም። የከተማው ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የክፍሎቹም ቧንቧ ደርቋል። ታዲያ ሴትዮዋ የምድር ቤቱን ቀይ ሳጥን ከፍተው፣ የእሳቱን ጎማ ግቢ ድረስ ጎትተው በየሳፋው ሞልተዋል። ተንበርክከው ያጥባሉ። ደሜ ፈላ፤ ይህ ውሃ የሚነካው ቤት ሲቃጠል ብቻ ነው አልኳቸው። ቀና እንኳ አላሉም።

«ልጄ፣ እሳቱ አልመጣም፤ እንግዳው ግን መጥቷል» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከላይ ጭስ ታየ። አራተኛው ፎቅ ላይ በነጻ ያሳረፏቸው ሰዎች አብርተውት የወረዱት ጧፍ ፍራሽ ላይ ወድቆ ኖሯል። ሮጬ ወጣሁና ጎማውን ከፈትኩ። ሁለቴ አስሎ ደረቀ፤ ታንከሩ አልቆ ፓምፑ ከታች አየር ይስባል። መጋረጃው ተያያዘ። የሴትዮዋ ቤት አለቀለት አልኩ።

ያኔ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ተሳላሚዎቹ ከግቢው እስከ አራተኛ ፎቅ ተደርድረው ሳፋ ይቀባበላሉ። የመጣው ያው የእግር እጣቢ ነው፣ የላስታን አፈር ይዞ የደፈረሰ። ደፋሁት። ሌላ መጣ፤ እሱንም ደፋሁት። እኔ በፓምፕና በብረት አወጣዋለሁ ያልኩት ውሃ በሰው እጅ ወጣ። እሳቱ ጠፋ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

ሴትዮዋ በባዶ እግራቸው ጥላሸቱን ረግጠው ገቡ። ቤታቸው መትረፉን ሲያዩ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። አንድ ያልተነካ ሳፋ ውሃ ተርፎ ነበር። አንዲት ተሳላሚ ጎንበስ አለችና የእሳቸውን እግር ማጠብ ጀመረች። ሳፋውን የያዝኩላት እኔ ነኝ።