የሞላሌው ክርስትናና የረቡዕ እንቁላል ፍርፍር

የአክስቴ ልጅ ሰናይት ከሞላሌ ደውላ፣ «ሐሙስ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ» ስትለኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስታው ራሴ ላይ ወጣ። መጀመሪያ የታሰበችው ጎረቤቷ ነበረች፤ ምጥ ሲይዛት ከአጠገቧ ያልተለየች ሴት። የባሏ እናት ግን፣ «አረቄ ሻጭ፣ ያውም ምላሰኛ! ለልጄ ልጅ ጻድቅ ሰው ይፈለግላት» ብለው እምቢ አሉ። ጻድቅ ሲፈለግ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ደብረ ብርሃን መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ፋይል ሳገላብጥ እንዲህ ያለ ሹመት አግኝቼ አላውቅም። የአንገት ክሩን፣ ነጩን ቀሚስና ጧፉን ገዝቼ ረቡዕ በማለዳ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡30፣ መናኸሪያ

«መኪናው እስኪሞላ ነው» አለኝ ረዳቱ። እስኪሞላ ማለት ቁርስ ማለት ነው። የሰኔ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ገብቼ ቅቤ የጠገበ እንቁላል ፍርፍር አዘዝኩ። መቶ ሰማንያ ብር ነው፤ ግን አያስቆጭም። ቦታ ስለጠፋ አንዲት ደልደል ያለች፣ ነጠላ የተከናነበች ሴት ጠረጴዛዬን ተጋራች። ደረቅ ዳቦ በሻይ ነው የያዘችው። አንጀቴን በላችው።

«ኧረ በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ! መንገዱ ብርድ ነው» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

አየችኝ። ፍርፍሩን አየችው። መልሳ አየችኝ።

«ይብቃኝ እህቴ። አንቺ ብይ» አለችና ወደ ሻይዋ ዞረች። ኩራተኛ ናት አልኩ በሆዴ፤ ሳህኑንም በእንጀራ ጠርጌ ተነሣሁ።

ከጣርማበር እስከ መዘዞ

ቅጥቅጡ አውቶቡስ ውስጥም ጎን ለጎን ደረሰን። አስካለ ትባላለች፤ ዕቃ ልትሸምት መጥታ ወደ ሞላሌ መመለሷ ነው። ረዳቱ ለሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሊጨምር ሲል፣ «አራተኛውን ጉልበትህ ላይ አስቀምጠው! እኛ ዶሮ አይደለንም!» ብላ ጮኸችበት፤ መኪናው በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ወደድኳት። ከጣርማበር ወደ ግራ ታጥፈን ወደ መንዝ ስንገባ ጉሙ ስለወረደ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ጉሙ ገለጥ ሲል የድንጋይ አጥርና በግ ብቻ ይታያል።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ሹፌር፣ ኧረ ሙዚቃውን ቀንስ! ሃምሳው እሑድ አልቋል፤ ዛሬ እኮ የጾም ረቡዕ ነው» አሉ።

ክው አልኩ! ከፋሲካ ወዲህ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ ስበላ ከርሜ፣ ጊዜው ማለቁን ሆዴ አልሰማም። እንቁላሉም ቅቤውም ደረቴ ላይ ቆመ። አስካለን ሰረቅ አድርጌ አየኋት፤ ጉሙን እያየች ነው።

ረስቼ ነው ብዬ እዚያው ብናገር ነገሩ ባለቀ። ግን መዘዞ ስንቆም አንዲት ሻጭ የተቀቀለ እንቁላል በመስኮቱ ብታስጠጋ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መኪናው ሁሉ እስኪሰማ፣ «ውይ በስመ አብ! በጾም ቀን? ሞት ይሻለኛል እቴ!» አልኩ።

አስካለ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የበረዳት መስሎኝ ነበር።

ከቀኑ 6፡30፣ ሞላሌ

ስንወርድ ሻንጣዬን ነጥቃ ተሸከመችልኝ። «የማን እንግዳ ነሽ?»

«የሰናይት፣ የመምህሯ። ልጇን ክርስትና ላነሣ ነው።»

ቆመች። «አንቺ ነሽ እንዴ ጻድቋ?» አለችና ሻንጣውን አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እኔ ደግሞ አረቄ ሻጯ ጎረቤት ነኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቂም ግን ፊቷ ላይ አልነበረም። ሻንጣውን መልሳ አነሣችና መንገዱን መራችኝ።

ሰናይት በር ላይ ተጠመጠመችብኝ። የባሏ እናት ግንባሬን ስመው፣ «የኔ ልጅ፣ በጾም ምን ቀምሰሽ ይሆን የወጣሽው?» አሉ።

«ደረቅ ዳቦ በሻይ፣ እማማ» አልኩ።

የአስካለን ቁርስ እኮ ነው የሰረቅኩት፣ እዚያው እሷ ፊት! እሳቸውም ለማረጋገጥ ይሁን ለወግ ወደሷ ዞሩ።

«አዎ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበርን» አለች አስካለ፤ ሻንጣዬን አስቀምጣም ወደ ቤቷ ሄደች።

ሐሙስ፣ ቤተ ክርስቲያን

ወደ ማርያም የሚወስደው መንገድ የግማሽ ሰዓት እግር ነው፤ የበልጉ ገብስ ከግራም ከቀኝም ጎምርቷል። እኔ ግን ገብሱን የማይበት ዓይን አልነበረኝም። ልጅቷን ታቅፌ ሰይጣንን ልክድላት ነው፤ በዚህ በዋሸ አፌ? እምቢ ብል ደግሞ ሰማንያኛው ቀን ዛሬ ነው፤ ሰናይት የሰው ፊት ማየቷ ነው። ቅጥሩ በር ላይ ሽበታሙ ቄስ ሲቀበሉን ድምፄን ዝቅ ላደርግ አስቤ ነበር፤ ግን ጮኾ ወጣብኝ።

«አባ፣ ትናንት ረቡዕ እንቁላል በላሁ። እሱስ ረስቼ ነው። አውቄ ግን ዋሸሁ። ጻድቅ ናት ብለው ነው ያመጡኝ፤ አይደለሁም።»

ሰናይት አፏን በእጇ ያዘች። ቄሱ በእርጋታ፣ «ማነው ጻድቅ ያለሽ?» አሉ። ሁላችንም የባሏን እናት አየን፤ እሳቸው መሬት አዩ።

«ስሚ ልጄ፣ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ማረን የምንለው ለማዶው መንደር ነው እንዴ? እኔም አለሁበት። ጻድቅ ብቻ ክርስትና ያንሣ ከተባለ ይህች ልጅ ሳትጠመቅ ትሸብታለች!»

«ታዲያ አባ፣ ከተጠመቅን በኋላም እያጠፋን እንዴት ጻድቃን እንባላለን?» አልኩ።

ክሩን ከእጄ ወሰዱ። «ይህን ዛሬ አንገቷ ላይ አስረዋለሁ። ነገ አድጋ ስትዋሽ እበጥስባታለሁ? አልበጥስም። ታለቅሳለች፣ ንስሐ ትገባለች፤ ክሩ እዚያው ነው። ጽድቁ የጌታ ነው፤ እሱ ነው ያለበሰን። ስናቆሽሸው እናጥበዋለን እንጂ ራቁታችንን አንሄድም። ቀኖናሽ አርባ አንድ ስግደት ነው፤ ግቢና ልጅሽን እቀፊ።»

ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደ ያህል ቀለለኝ። ዓይኔ ግን ከኋላ ብቻዋን የቆመችው አስካለ ላይ ሄደ። «አባ፣ ደረቁን ዳቦ የበላችው እሷ ናት። ስዋሽም ገመናዬን ሸፈነችልኝ። ቀድማ የታሰበችውም እሷ ነበረች» አልኩ።

«ኧረ እኔንም ይፍቱኝ አባ!» አለች አስካለ። «መንገዱን ሙሉ በሆዴ ስስቅባት ነው የመጣሁት። ማታም ላጋልጣት ተነሥቼ ደጃፍ ደርሼ ነው የተመለስኩት።»

ቄሱ እስኪያስላቸው ሳቁ። «በሉ፣ ሁለት ኃጢአተኛ አግኝተናል፤ አንዷ ትበቃናለች። እናትየው ትምረጥ።»

ሰናይት እያለቀሰች ሕፃኗን ለአስካለ አስታቀፈቻት። ቅር አላለኝም ብል ሦስተኛ ውሸት ይሆናል። የባሏ እናት ጥቂት ቆዩና ጠጋ ብለው የአስካለን ነጠላ አስተካከሉላት። አስካለ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ስትክድ በዚያ በገበያ ድምፅዋ ነበር፤ ዲያቆኑ ሳይቀር ደነገጠ። እኔ ጧፍ ያዝኩ።

ቄሶቹ የሰኔን ጾም ስለያዙ ድግሱ ሽሮና ክክ ሆነ፤ ለድግሱ የታሰበው በግ እስከ ጾሙ ፍቺ ዕድሜ አገኘ። ጠላውም እንደ ጉድ ተጠጣ።

ዓርብ፣ ወደ ቤት

አስካለ እስከ መኪናው ሸኘችኝና በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ጭኔ ላይ ጣለች። «መንገድ ላይ እንዳትሳሳቺ!» አለች፤ ረዳቱን ስለ ትርፍ ሰው ሰድባልኝም ሄደች።

ቤቴ ስገባ ሰናይት ደወለች። «ጻድቋ፣ በሰላም ገባሽ?»

«ተይ እንጂ! ገብቻለሁ» አልኩና ሳቅን።

ስግደቴን ስጀምር ክሬ ከቀሚሴ ወጥቶ ተንጠለጠለ። አርባ ዓመት አልፎታል፤ ስንት ጊዜ አደብዝዤው በአዲስ ተተክቷል፣ አንገቴ ግን ባዶውን ውሎ አያውቅም። ሃያኛው ስግደት ላይ ደክሞኝ ተቀመጥኩ፤ አርፌ ጨረስኩት። ከዚያ ሻይ አፍልቼ የአስካለን ቋጠሮ ፈታሁ። ደረቅ የገብስ ዳቦ ነው። ዓርብ ነበር፤ ቆርሼ በላሁ፤ ከዚያ ፍርፍር የበለጠ ጣመኝ።