አያ ደሳለኝ ሲፎክር የረገጥኩት ቁልፍ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከሮቢት ወረድ ብሎ ባለ አንድ መንደር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰርግ ላይ ጠመንጃ ደረቴ ላይ ተደግኖብኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። እንደውም የቀኝ እግሬ።

ለማታውቁኝ፣ ቆቦ ነው የምኖረው፤ ሰርግ ላይ ጊታር እጫወታለሁ። ድሮ ግዙፍ አምፕሊፋየር ባጃጅ ላይ ጭኜ፣ ራሴ ግማሽ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥዬ ነበር የምሄደው። አሁን ግን የዚያን ሁሉ አምፕ ድምፅ አስመስሎ የሚያወጣ ዲጂታል ሳጥን አለኝ። የጫማ ካርቶን ቢያክል ነው። መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ገመዱ በቀጥታ ትልቁ ስፒከር ውስጥ ይገባል፤ እኔ ቁልፎቹን በእግሬ እየረገጥኩ ድምፅ እቀያይራለሁ። ለዘፈን ለስለስ ያለ፣ ለጭፈራ ሞቅ ያለ፣ ለፉከራ ደግሞ ሻካራ፣ ደም የሚያፈላ። ያቺን የፉከራ ድምፅ ለማስተካከል ሳምንት ሙሉ ፈግቻለሁ። ኩራቴም ልክ አልነበረውም...

ሰርጉ ደግሞ ተራ ሰርግ አልነበረም። የሙሽራውና የሙሽሪት ዘመዶች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ደም ተቃብተዋል። የሙሽራው አጎት አያ ደሳለኝ ታናሽ ወንድሙን የቀበረው በዚያ ጠብ ነው። ሼህ ይማም የሚባሉ የአገር ሽማግሌ ስንት ጊዜ ተመላልሰው አስታረቋቸው፤ ልጆቹም የተጋቡት እርቁ እንዲጠብቅ ነው። ዳሱ ውስጥ አንዱ ወገን በቀኝ፣ አንዱ ወገን በግራ ተቀምጦ፣ ሁሉም ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይበላል። ይሳሳቃሉ፤ ግን ሳቁ ከአንጀት አልነበረም።

ምሳ ተበልቶ ጭፈራው ሲደራ፣ የሙሽሪት ወንድም ሞላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ቀጥሎ ለእህቴ አንድ ዘፈን ትጫወትልኛለህ፣ እሽ?»

እሺ አልኩት። ያለኝ ይኸንኑ ብቻ ነው።

ወዲያው አያ ደሳለኝ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ዱላውን እየነቀነቀ መሃል ገባና መፎከር ጀመረ። ፉከራ ሲሆን አብሮኝ ያለው ኪቦርድ ተጫዋች ያርፋል፤ የማጅበው እኔ ብቻዬን ነኝ። ሻካራውን ድምፅ ለቀቅኩለት... ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ። ከዚያ ድምፁ ሰለል አለና የሟች ወንድሙን ስም ጠራ።

እዚህ ጋ ከፍ ላድርግለት ብዬ ቁልፉን ረገጥኩ። ነካ አድርጎ መልቀቅ ነበር የሚገባኝ። እኔ ግን የሰውየውን እንባ እያየሁ እግሬን እዚያው ረሳሁት። ያ ሳጥን ቁልፉ ላይ ከቆያችሁበት ጊታሩን ልትቃኙ ፈልጋችሁ ይመስለዋል፤ ቅኝቱ እስኪያልቅ ድምፁን ይዘጋዋል።

ጭጭ።

በኛ አገር የሚፎክርን ሰው ማቋረጥ ፊቱ ላይ መትፋት ነው። ያውም ሟች ሲጠራ! ከሙሽሪት ወገን አንዱን፣ ደንግጦ ይሁን ምን አላውቅም፣ ሳቅ አመለጠው።

አያ ደሳለኝ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ ሞላን።

«ቅድም ጆሮው ላይ ስታንሾካሹክ የነበረው ይኸን ነው?»

ሞላ አፉን ሳይከፍት ዱላው አናቱ ላይ አረፈ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ... ደሙ በነጭ ሸሚዙ ላይ ሲወርድ ዳሱ ታመሰ። ዱላ በዱላ ሆነ። አንዱ አፉን ይዞ ተንበረከከ፤ በጣቶቹ መሃል ጥርስ ወደቀ። ሌላው የዳሱን ምሰሶ ነቅሎ ሲመጣ ሸራው በግማሹ ላያችን ላይ ተናደ። ሙሽሪት ወንድሟ ላይ ተደፍታ ትጮሃለች፤ ቬሎዋ ቀይ ሆኗል። ከዚያ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። ዞር ስል አያ ደሳለኝ ነው፤ አፈሙዙ ወደኔ ነው።

«ቁረጥበት ያለህ ማነው? ስሙን ጥራ!»

አንድ ስም ከጠራሁ ያ ሰው ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ስንት ሰው እንደሚከተለው እንጃ። ዝም ካልኩ እኔ ነኝ። እውነቱን ብናገርስ ማን ያምነኛል?

«አያ ደሳለኝ... ማንም አላለኝም። እግሬ ነው።»

«ትቀልድብኛለህ?!»

«በሟቹ ይዤሃለሁ! ራስህ ርገጠውና እየው።»

አፈሙዙን ከደረቴ ሳያነሳ በኮንጎ ጫማው ረገጥ አድርጎ ለቀቀው። ክሩን መታሁት፤ ጊታሩ ጮኸ። አሁን ደግሞ ረግጦ ያዘው። መታሁ... ጭጭ። እንደገና አስደገመኝ። ዱላ ያነሱት ሰዎች ዱላቸውን እንዳነሱ ቀጥ ብለው ያዩናል።

አፈሙዙ ቀስ ብሎ ወረደ። መሬት ላይ የተዘረረውን ሞላን ሲያይ የሰውየው ፊት አመድ ሆነ።

«ምን ሠራሁ እኔ...» አለ።

ሼህ ይማም መጥተው ጠመንጃውን ከእጁ ነጠቁት። «ላ ኢላሀ ኢለላህ! ለዚች ቁልፍ ልትተላለቁ? በሉ፣ ሳይመሽ ይኸን ደም አሁኑኑ አድርቁ!»

የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን አንገቱ ላይ ድንጋይ ይሸከማል። አያ ደሳለኝ ከምድጃው ጉልቻ አንስቶ፣ ትኩሱን፣ ተሸከመና ሞላ ፊት ተንበረከከ። እኔ ቀስ ብዬ ልሸሽ ስል ሼህ ይማም አዩኝ።

«አንተስ?»

«እኔ ሰው አልመታሁም፣ ሼህ።»

«ጠቡን ማን አስነሳውና? ድንጋይ አትፈልግ። ያን ሳጥንህን ተሸከም!»

ተሸከምኩ። ገመዶቹ በደረቴ ላይ ተንጠልጥለው፣ ከአያ ደሳለኝ ጎን ተንበረከክሁ። እሱ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። እኔም ፈራሁ፤ አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ሞላ ራሱን በነጠላ ታስሮ፣ ሰው ደግፎት፣ አንድ በአንድ አየን። እምቢ ካለ ሁሉም ነገር እዚያው እንደሚያልቅ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

«አንሱላቸው» አለ በመጨረሻ። «ለእህቴ ስል።»

ሞላን ቆቦ ሐኪም ቤት ወስደን አሰፋነው። አያ ደሳለኝ መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ ይዞት ነበር።

የፊታችን እሁድ ዋጃ ሌላ ሰርግ አለብኝ... እግሬ የት እንዳረፈ እንዲታወቀኝ፣ ጫማዬን አውልቄ ነው የምጫወተው።