ቄስ ሞላ «አልሸከምም» ሲሉ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቄስ ሞላ የደብራቸውን አስተዳዳሪ አግኝተው፣ ለመጪው ንግሥ ታቦቱን የሚያከብር ሌላ ካህን እንዲታሰብ ጠየቁ።

ከቄስ ሞላ ጋር አዘዞ ውስጥ አንድ አጥር የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን። ወገባችንም የታመመው በአንድ ሰሞን ነው። የእኔ ሠላሳ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ጎብጦ ከመጻፍ የመጣ ነው፤ የእሳቸውን መነሻ ግን ማንም አያውቅም ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ በአንድ ሚኒባስ ከተማ እየወጣን አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ እንታያለን።

ልጅቱ የምትለው ብዙ አይደለም። ዕቃ ስታነሡ ከወገብ አትጎንበሱ፤ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ዕቃውን ወደ ደረታችሁ አስጠግታችሁ ተነሡ። በጎን ስትተኙ በጉልበታችሁ መካከል ትራስ አድርጉ። ረጅም ሰዓት አትቀመጡ፣ ረጅም ሰዓትም አትቁሙ። በየቀኑ ትንሽ ተራመዱ... እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ትራሱን ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ዕቃ ማንሣትን እንደ አዲስ መማር ይሰለቻል።

ቄስ ሞላ ግን አንዷንም አላጎደሉም። የወደቀ መቋሚያ ለማንሣት እንኳ ቁጢጥ ይላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ጎንበስ ብለው ጄሪካን ሲያነሡ ካዩ ከደጅ ሆነው ያርሟቸዋል። ወይዘሮ የሺም አንድ ቀን በአጥሩ በኩል «አንተ ነህ ወደዚያች ልጅ ወስደህ ይኸን ጣጣ ያመጣህብኝ» አሉኝ።

እንዲህም ሆኖ ሕመማቸው አልቀነሰም። ጭራሽ ግራ እግራቸው መደንዘዝ ጀመረ።

ባለሙያዋ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠይቃቸው ነበር። ከባድ ነገር ይሸከማሉ ወይ ስትላቸው፣ ምንም ሳያመነቱ «አልሸከምም» አሉ። እኔ አልጋዎቻችንን ከሚለየው መጋረጃ ማዶ ተኝቼ ሰማሁ። በየዓመቱ ለንግሡ ታቦቱን በራሳቸው ላይ አክብረው ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ የሚዞሩት፣ ለጥምቀት ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ በሕዝብ ግፊያ መካከል የሚሄዱት እሳቸው ናቸው።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ቀስ ብዬ፣ ምነው አልነገሯትም አልኳቸው። መጀመሪያ ያልኩት አልገባቸውም። ሲገባቸው ዞር ብለው ሕፃን እንደሚያይ ሰው አዩኝ።

«እሷ የጠየቀችኝ ስለ ሸክም ነው... ምነው ወንድሜ፣ ይኸ ምኑ ሸክም ነው?»

መዋሸታቸው አልነበረም። ታቦትን ከድንች ጆንያ ጋር አብሮ መቁጠር በሐሳባቸውም አልመጣም። ከራሳቸው ላይ ሳለ ክብደት ተሰምቷቸው እንደማያውቅ፣ ሕመሙ የሚመጣው በማግሥቱ እንደሆነ ነገሩኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ልጅቱ እንደ ወትሮዋ መስቀላቸውን ተሳልማ ምርመራዋን ጀመረች። እግራቸውን እያነሣች፣ እያወረደች አየችና ግራ ገባት። የተነገራቸውን ሁሉ እያደረጉ ምን ይሆን የሚያባብሰው አለች። የሚሸከሙት ነገር አለመኖሩን ደግማ ጠየቀች። ቄስ ሞላም ደግመው የለም አሉ።

እኔ ነኝ ከመጋረጃው ማዶ ያበላሸሁት።

«ታቦት ያከብራሉ» አልኩ።

ልጅቱ እጇን ከጉልበታቸው ላይ አነሣች። ይቅርብዎ ለማለት አፏ እንደማይደፍር ገባኝ፤ እኔም ብሆን አልልም። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አባቴ፣ እግርዎ ሲደነዝዝ ወዲያው ያውቁታል?»

«ወዲያው አላውቀውም። ኋላ ነው... ስደናቀፍ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ጫማቸውን ለማጥለቅ እንኳ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። አብረን ወደ አዘዞ ተመለስን። በራቸው ላይ ስንደርስ፣ ታቦቱ ከሚወጣበት የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አንዱ ድንጋይ ከክረምት ወዲህ እንደሚነቃነቅ ብቻ ነግረውኝ ገቡ።

ትናንት ወደ አስተዳዳሪው ሲሄዱ አልነገሩኝም፤ የሰማሁት ከተመለሱ በኋላ ነው። አስተዳዳሪው ደንግጠዋል። ወጣቶቹ ካህናት ገና እንዳልለመዱት፣ ሕዝቡም በዓሉን ያለ ቄስ ሞላ አይቶት እንደማያውቅ ተናግረው፣ ተመካክረን እንነግርዎታለን ብለዋቸዋል።

በማያገባኝ ገብቼ ነውና ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ሸጋ አደረግህ አሉኝ፤ ፊታቸው ግን እንደዚያ አይልም ነበር።

የሚተካዎት ባይገኝስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አከብራለኋ... ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?»

መልሱን የሚሰሙት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው።