የተተፋው ወይን

ደባርቅ ውስጥ በአንድ ሆቴል የምግብ አዳራሽ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ ወይን የማውቀው በሁለት መልኩ ብቻ ነበር። አንዱ አባቴ ዳባት በሚቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ከዘቢብ የሚዘጋጀው ነው። ቆርበን ስንወጣ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን፣ ምራቃችንን እንኳ ሳንተፋ ወደ ቤት እንሄዳለን። ሌላው ሠርግ ላይ የሚቀርበው ጣፋጭ ወይን ነው፤ ሲጠጡት ከረሜላ፣ ሲያድሩበት ራስ ምታት።

አንድ ጠዋት ባለሆቴሉ ሠራተኞቹን አዳራሽ ሰበሰበን። በአገሯ ወይን የምትሸጥ አንዲት ጣሊያናዊት ከጓደኞቿ ጋር ስሜንን ልታይ መጥታ እኛ ጋ አርፋለች። ከአገሯ ያመጣችው አንድ ካርቶን ወይን ነበራት። «ቱሪስት ስለ ወይን ሲጠይቀን አፋችን ይያዛል፤ ትንሽ አስተምሪልን» ብሎ ለምኗት እሺ ብላለች። የሚተረጉምልን ከጃናሞራ የመጣ አስጎብኚያቸው ነው።

ሴትዮዋ ከማእድ ቤት ሰማያዊ ባልዲ አስመጣችና ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ቀዳች፣ አሽከረከረችው፣ አፍንጫዋን ከተተችበት፣ ትኩስ ሾርባ እንደሚጠጣ ሰው ሳበችው። ጉንጮቿን ነፍታ አፏ ውስጥ አንገላታችው። ከዚያ ጎንበስ አለችና ባልዲው ውስጥ ጢቅ አደረገችው። ጓደኞቿም ተከተሏት። ከአንዱ ከንፈር ቀይ ለሃጭ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ከዋጣችሁት ምላሳችሁ ይደነዝዛል ነው የምትለው» አለ አስጎብኚው። «የሚቀጥለውን ለይታችሁ አታውቁትም።»

አገሯ ከመንደር መንደር የወይኑ ዘር እንደሚለያይ ነገረችን። «እንደኛ ገብስ ማለቷ ነው» ብሎ አስጎብኚው ከራሱ ጨመረበት። የመጀመሪያው ነቢዮሎ ይባላል፤ ስሙ ከጉም የመጣ ነው ይባላል አለች፤ ዘግይቶ ስለሚደርስ የሚለቀመው ጉም ኮረብታው ላይ ሲወርድ ነው። ስሙ ደስ አለኝ። ስቀምሰው ግን የጌሾ እንጨት ያኘክሁ ያህል ድዴን ጨምድዶ ያዘው። ሁለተኛው፣ አሊያኒኮ የተባለው፣ የረጠበ የበቅሎ ኮርቻ ይሸታል። ሦስተኛውን ወጥ ቤቷ ቀምሳ «ይሄማ የመጠጠ ጠላ ነው» ስትል ሴትዮዋ ተተርጉሞላት ከት ብላ ሳቀች።

ሁሉም ተፉ። እኔ አልቻልሁም፤ አፌን በእጄ ሸፍኜ ዋጥሁት። ባለሆቴሉ ሲተፋ ዓይኑ ከባልዲው ላይ አልተነሣም ነበር።

እንግዶቹ የተረፋቸውን ጠርሙስ ጭነው ወደ ተራራው ወጡ፤ እኔ ገበያ ሄድሁ። ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጡ መምህር ሽኝት ነበረብን። ልጅ ሆኜ ዳባት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ስመለስ መምህራኑ ተሰብስበዋል፤ ጠረጴዛው ላይ በጆግ ቀይ መጠጥ ቀርቧል።

መምህር በእጃቸው ጠሩኝ። «ነይማ ልጄ። አለቃሽ የጣሊያን ወይን ነው ብሎ ጋበዘን። ትንሽ አፍ ይይዛል እንጂ ደኅና ነው።»

ጎንበስ ስል የረጠበ ኮርቻ ሸተተኝ።

ማእድ ቤት ገባሁ። ባልዲው ታጥቦ ተደፍቷል። ወጥ ቤቷ ቀና ብላ አላየችኝም።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ የነበረውስ?»

«እኔን አትጠይቂኝ። አለቃችን በጨርቅ አጠለለው፤ ስኳርና ለስላሳ ጨመረበት። እኔን መች ይሰማኛል?»

ባለሆቴሉን ባንኮኒው ጋ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ለሰው ምራቅ ነው ያቀረቡት።»

«ቀስ በይ። አልኮል ነው፤ ምን ጀርም ይኖረዋል? ደግሞ ፈረንጆች ናቸው፤ ንጹሕ ሰዎች ናቸው።»

«እርስዎም ተፍተውበታል።»

«እና ከውጭ የመጣ ወይን መሬት ላይ ልድፋው?» አለኝ። ምንም አላፈረም። ቤቱን የማይጎዳ ጥሩ መላ እንዳገኘ ሰው ነበር የሚያየኝ።

አዳራሹ ገብቼ ጆጎቹን መሰብሰብ ጀመርሁ። ተበላሽቷል ለማለት ነበር ያሰብሁት። መምህር ግን ብርጭቋቸውን አንሥተው ከንፈራቸው ጋ አድርሰውት ነበር።

«መምህር፣ አይጠጡት» አልኋቸው። «ሰው አፉ ውስጥ አዙሮ የተፋው ነው።»

አንድ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። መምህር ፊቴን አዩና ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። መሐረባቸውን አውጥተው ምላሳቸውን ጠረጉ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ወደ ጓሮ ወጡ። ሲያስመልሳቸው ድምፁ አዳራሹ ድረስ ይሰማል። ውኃ ይዤ ተከተልኋቸው። ደጋግመው ተጉመጠመጡ።

«ጥሩ ነው ብያለሁ እኮ» አሉኝ። «ደግሜ አስቀድቻለሁ።»

ውኃ ጨመርሁላቸው። መምህራኑ አንድ በአንድ ወጡ። ባለሆቴሉ ነገ እንዳልመጣ ሲነግረኝ ሽርጤን ፈትቼ ነበር።

ዳባት ገብቼ ለአባቴ ነገርኋቸው።

«ሴትዮዋን ተቀየምሻት?»

«አይ። ስትተፋ ዘግንኖኛል። ግን እሷ የምትተፋው ሥራዋ ስለሆነ ነው፤ ለማንም አትሰጠውም። የሚያስጠላኝ የሰበሰበው ሰው ነው።»

«በይ እጅሽን ታጠቢና ብዪ» አሉኝ። እንጀራው ቀርቦ እያለ ያ ለሃጭ ዓይኔ ላይ መጣብኝ፤ መጉረስ አቃተኝ።

አሁን ዳባት መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ባለፈው መምህር ወደ ጎንደር ሲያልፉ ጎራ አሉ። ስለ አባቴ ጤና ጠየቁ፣ ቤቱን አመሰገኑ። የሚጠጣ ምን ላምጣ አልኋቸው።

«የታሸገ ውኃ። ሳትከፍቺ አምጪልኝ።»

ከብርጭቆ ጋር አቀረብሁላቸው። ክዳኑን ቀጭ እስኪል ጆሯቸውን አዘንብለው አዞሩት። «ይቅርታ ልጄ» አሉኝ። ግድ የለም አልኋቸው። ብርጭቆውን ሳይነኩ ከጠርሙሱ ጠጡና መኪናቸው ሲጠራ ተነሡ።