የሁዳዴው ኢንዛይም

ኢንዛይም ማለት በሆዳችን ውስጥ የበላነውን የሚቆራርጥልን ሠራተኛ ነው። የተፈጥሮው ግዙፍ ነው፤ አሚኖ አሲድ በአሚኖ አሲድ ላይ ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም ሰንሰለት። እኔ ግን ለማስተርስ መመረቂያዬ ያንኑ ሥራ በሰባት አሚኖ አሲድ ብቻ አሠራለሁ ብዬ ተነሣሁ። ድፍረት ካላችሁት ድፍረት ነው። ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ የነደፍኳት አጭር ሰንሰለት፣ ፔፕታይድ የምትባለው፣ ውጭ አገር ተሠርታ በብልቃጥ መጣችልኝ። ቢያስነጥሱባት የምትጠፋ ነጭ ብናኝ ናት። ሌላ የለችም፤ እሷ ከተበላሸች መመረቅ ብሎ ነገር የለም።

በመጣች በሳምንቱ የላብራቶሪው ፍሪጅ ተበላሸ። ብልቃጧን በኪሴ ይዤ ቀሐ ሰፈር ወደተከራየሁበት ግቢ ሮጥኩና አከራዬን እትዬን፣ "እባክዎ፣ ፍሪጅዎ ውስጥ ላስቀምጣት" አልኳቸው።

"ምንድን ናት?"

መድኃኒት ናት ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። የተማረ ሰው አፍ መቼ ያርፋል! "የፕሮቲን ቁራጭ ናት" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

እትዬ ፕሮቲን የሚለውን ቃል ከጤና ጣቢያ ያውቁታል፦ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው፤ ፍሪጃቸው የቅቤ ሽታ እንዳይቀርበት በሎሚ ታጥቧል። እኔን ላለማስቀየም ብልቃጧን ተቀብለው አስገቡ። በማግስቱ ስመለስ ብልቃጧ የለችም።

"ምነው ልጄ፣ አትደንግጥ እንጂ! ፍስክ አላሳድርም ብዬ ለጎረቤቴ ሰጠኋት። የእሷም ፍሪጅ ሸጋ ነው።"

ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። በሩጫ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ሥጋ ናት አሉኝ" አሉ፣ እንደማፈር ብለው። "በማን እጅ እንደታረደች ሳላውቅ ከእኛ ሥጋ ጋር እንዴት ላስቀምጣት? አጥሩ ላይ አኑሬልሃለሁ።"

እውነትም ብልቃጧ ሁለቱን ግቢ በሚለየው የድንጋይ አጥር ላይ፣ የቀትር ፀሐይ እየመታት ቆማለች። በርበሬ እንኳ ሲሰጣ ጠባቂ አለው። አለቀስኩ፤ የእውነት እንባ።

"አልታረደችም! በማሽን ነው የተሠራችው! እናት የላት፣ ደም የላት!"

ሁለቱ ሴቶች በአጥሩ ላይ ተያዩ።

"እናት ከሌላት ታዲያ ምኑን ፍስክ ሆነች?" አሉ እትዬ ተቆጥተው። "ይህን ቀድመህ አትናገርም?"

ቁጣው ሲበርድላቸው ግን ሁለቱም አዘኑልኝ። እትዬ ለማርያም ጧፍ ተሳሉ፤ ጎረቤታችን ከሶላት በኋላ ዱዓ አደረጉልኝ። በማግስቱ ወደ ላብራቶሪ ስሄድ፣ አንዳቸው በአምላክ አንዳቸው በአላህ ስም መርቀው ከበር ሸኙኝ።

ሁለት ብልቃጥ አዘጋጀሁ። በሁለቱም ውስጥ ፔፕታይዷ እንድትቆርጠው የታሰበው ያው ውሁድ፣ ሥራዋን የሚያግዛት ያው ዚንክ አለ፤ ፔፕታይዷን በአንደኛዋ ብቻ ጨመርኩ። ውሁዱ ከተቆረጠ ውሃው ቢጫ ይሆናል። ጠበቅሁ። ፔፕታይዷ ያለችበት እንደ እርድ ቢጫ ሆነች፤ ሌላኛዋ ቀለም ሳትይዝ ቀረች። በኋላ ሳስበው ነገሩ ይገባል፦ ትልቁን ኢንዛይም ሙቀት ሲመታው ቅርጹ ይፈርሳል፤ የእኔዋ ትንሿ የሚፈርስ ቅርጽም የላት።

መመረቂያዬን ሳቀርብ አንዱ ፈታኝ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ "ሥራውን የሠራችው ፔፕታይዷ ለመሆኗ ማረጋገጫህ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ሁለቱ ብልቃጦች በሁሉም ነገር እኩል ናቸው" አልኩ። "የሚለያቸው ፔፕታይዷ ብቻ ናት።"

ፈታኙ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ አለፍኩ። ለሁለተኛዋ ብልቃጥ ግን ማንም አልጸለየላትም ነበር።