እትዬ ኣረጋሽ ያሉትና እኔ የተረጎምኩት

እትዬ ኣረጋሽ ቆሻሻ አይወዱም ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው። ይጸየፋሉ። ሆሎዌይ በሚባል የለንደን ሰፈር ውስጥ በር ለበር ሃያ ሁለት ዓመት ስንኖር የሊፍቱን ቁልፍ በጣታቸው ሲነኩ አላየሁም፤ በክርናቸው ነው የሚጫኑት። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ለንደን ከመጡ በኋላ ሠላሳ ዓመት ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሰው ቤት ሲጋበዙ ብርጭቆውን ወደ መብራት አንስተው ያዩታል። ካልጣማቸው «ጾመኛ ነኝ» ይላሉ። እኔ ቤት ስንት ጊዜ እንደጾሙ እኔው አውቃለሁ።

እኚህ ሴት ባለፈው ክረምት ሳንባቸው ታሞ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። አየር በግፊት የሚነፋ ማስክ አፍና አፍንጫቸው ላይ ታሰረ። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታኝ አልደበቀችኝም። ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ቢገባ ሳንባቸው አይችለውም፤ ያላቸው ተስፋ ይህ ማስክ ብቻ ነው። ጥቂት ቀን ከታገሡት ሊድኑ ይችላሉ፣ እያወለቁ ከቀጠሉ ይሞታሉ። ልጅ የላቸውም። እንግሊዝኛቸው ለሥራ ይበቃቸው ነበር፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ግን ጥሏቸው ጠፋ። ስለዚህ አስተርጓሚያቸው እኔ ሆንኩ።

እሳቸው ደግሞ ያወልቁታል። ነርሱ ያስራል፣ እሳቸው ይፈታሉ። ማክሰኞ ዕለት ጠጋ ብዬ «ምነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ይሸታል» አሉኝ፣ ቃሉን በትንፋሽ እየቆራረጡ። «ትናንት አስመለሰኝ። በሶፍት ጠርገው... መልሰው ሰኩብኝ። አፌም አልታጠበ። ግማቱን... መልሰው እየነፉብኝ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። የኮመጠጠው ጠረን እኔም ዘንድ ደረሰ። ምራቃቸው ከንፈራቸው ጥግ ላይ ደርቆ ተጋግሯል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እኔ መዞር እችላለሁ።

ነርሱ «ምን አሉ?» አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠም። እኔ ደግሞ የሰፈራችን አስተዳደር ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሐበሻ መጥቶ አማርሮ ሲወጣ ፈረንጆቹ ከኋላው የሚሉትን ስሰማ ነው የምውለው። አሁን እኔው ቆሜ «ማስካችሁ ይገማል» ልበል?

«እናመሰግናለን፣ ትንሽ ደክሟቸው ነው» አልኩት።

ረቡዕ ጠዋትም ይሸታል አሉኝ። እኔም ለነርሱ «ደህና ናቸው» አልኩ። ዝም አይነቅዝም ሲባል ነው ያደግኩት። ይህን ተረት ያወጣ ሰው ያን ማስክ አንድ ሰዓት ቢያጠልቁለት ደስ ይለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ መጣች። «ማስኩን እምቢ ማለታቸው ሕክምናው ይብቃኝ ማለታቸው ከሆነ አናስገድዳቸውም። አቁመን እንዳይጨነቁ ብቻ እንረዳቸዋለን። ጠይቂያቸው» አለች።

ጠየቅኳቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ።

«መሞት ማን ፈለገ! ይህን ቆሻሻ... ጠቡልኝ በያቸው!»

እኔም ዞር ብዬ «መኖር ይፈልጋሉ፣ እታገሣለሁ ብለዋል» አልኩ። «ቆሻሻ» የምትለዋን ቃል ዋጥኳት። አሁን ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ከአልጋው ማዶ ወለል የምትወለውል አንዲት የእኛ አገር ሴት ነበረች፤ ደረቷ ላይ የሻረግ የሚል ስም ተለጥፏል። መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈች።

«እህቴ፣ እሳቸው ያሉት እሱን ብቻ አይደለም» አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም። ወደ ሐኪሟ ዞራ በጣቷ እያሳየች «ማስክ፣ ባድ ስሜል። ማውዝ፣ ዋሽ። ፕሊስ» አለች። ሰዋስው የለው፣ ይሉኝታ የለው።

ነርሱ ደም መሰለ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም አለቀ። አፋቸው በእርጥብ ስፖንጅ ታጠበ፣ ከንፈራቸው ቅባት ተቀባ፣ ማስኩ በአዲስ ተቀየረ። አሮጌው ማስክ ቆዳውን የላጠው የአፍንጫቸው አጥንት ላይም ለስላሳ ነገር ተለጠፈላቸው። የፈራሁት ቁጣ የታለ? ነርሱ እሳቸውን ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀና ወደ እኔ ዞሮ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚሉት?» አለኝ።

«ከትናንት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሰው በሽታ የደበቀውስ? ራሴን ተጸየፍኩ። ያ ግማት ከእኔ አፍ የወጣ መሰለኝ።

እትዬ ኣረጋሽ ማስኩን እንዳጠለቁ አምስት ሰዓት ሙሉ ተኙ። ሲነቁ ሐኪሟ የኦክስጅናቸውን ቁጥር አይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ነርሱ ጎንበስ ብሎ የሚያስቸግራቸው ነገር እንዳለ ጠየቃቸው። እኔም ልተረጉም ወንበሬን ሳብኩ።

እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«እንግዳወርቅ፣ አንቺ ተዪው» አሉኝ በማስኩ ውስጥ። «ያቺን ልጅ ጥሪልኝ።»

ተነስቼ የሻረግን ልፈልግ ወጣሁ።